ታይመር ልገጥም ስል የማብሪያው ሳጥን ውስጥ ኒውትራል የለም፤ ምን ይሻላል?

ታናሿ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ጉልበቷን ስለሚያማት በጨለማ ግድግዳ እየዳበሰች ማብሪያ ፍለጋ እንድትሄድ አልፈልግም። የደጁና የደረጃው መብራት ሲመሽ ራሳቸው በርተው ሲነጋ ራሳቸው እንዲጠፉ ብዬ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ዲጂታል ታይመር ገዛሁ። ጀርባው ላይ ሦስት የሽቦ መግቢያ አለው፤ አንዱ የፌዝ (ኤሌክትሪክ የሚመጣበት)፣ አንዱ የኒውትራል (የሚመለስበት)፣ አንዱ ወደ መብራቱ የሚሄደው።

ብሬከሩን አውርጄ የደጁን ማብሪያ ስፈታው ግን ያገኘሁት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ከሳጥኑ ጀርባ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦም አለ፤ ምንም ላይ አልታሰረም። ኒውትራል ግን የለም። ታይመሩን መልሼ ሌላ ዓይነት ልውሰድ ወይስ መላ አለው? ደግሞ ታይመሩ ላይ 16 አምፔር ተብሎ ተጽፏል፤ መብራቶቹ በሙሉ ኤልኢዲ ናቸው። በቂ ነው?

ቶሎቶሎ
እህቴ፣ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ አለ አይደል? እሱን የኒውትራሉ ቦታ ላይ እሰሪው፤ ታይመሩ ወዲያው ይነሳል። ብሬከር ሳጥኑ ጋ ስትደርሺ እሱና ኒውትራሉ ብዙ ጊዜ የተገናኙ ናቸው።

ጋሽ ሽቦ
ልጄ፣ አደራሽን ይህን እንዳታደርጊ።

አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ሽቦ ነው። ሥራው አንድ ነው፤ አንድ ዕቃ ውስጥ ፌዝ አምልጦ ብረቱን ሲነካ ወደ መሬት ወስዶ ብሬከሩን ማስወረድ። በደህናው ቀን ኤሌክትሪክ እንዲመላለስበት የተዘረጋ አይደለም። ወንድማችን እንዳለው ታይመሩ ይነሳል፤ ስክሪኑ ይበራል፤ መብራቱም ይታዘዛል። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ከውጭ ሲታይ ሁሉም ነገር ትክክል ይመስላል።

ያ የመሬት ሽቦ አንድ ቀን ከሆነ ቦታ ላይ ቢላላ ወይም ቢበጠስ ምን እንደሚሆን አስቢ። ከፌዝ ተነስቶ በታይመሩ ውስጥ ያለፈው ኤሌክትሪክ መመለሻ ያጣል። ከዚያ በኋላ ከመሬት ሽቦው ጋር የተያያዘ ብረት ሁሉ፣ የልብስ ማጠቢያውም፣ ምድጃውም፣ የደጁ መብራት የብረት አካልም፣ ፌዝ ይዞ ይቆያል። የሚነካው ሰው መንገድ ይሆንለታል።

ቶሎቶሎ
ጋሼ፣ አክብሬ ልጠይቅዎት። ታይመሩ ራሱ የሚወስደው ከ1 ዋት አይበልጥም። ለ220 ቮልት ሲካፈል 5 ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም። ይህን ያህል ያሰጋል?

ጋሽ ሽቦ
መጠየቅህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያስበው እንዲሁ ነው። ሂሳብህ ልክ ነው፤ ግን ዋቱ ብቻውን ሙሉውን አያሳይም። ብዙዎቹ ትንንሽ ታይመሮች ትራንስፎርመር የላቸውም፤ ቮልቴጁን የሚቀንሱት በካፓሲተር (ኤሌክትሪክ በምታጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ነው። ስለዚህ በሽቦው ላይ የሚመላለሰው ከዋቱ ሂሳብ በብዙ ሊበልጥ ይችላል።

ቤቱ አርሲዲ የሚባለው ብሬከር ካለው፣ የተለመደው ዓይነት 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ ያጠፋል፤ ከግማሹ ካለፈም እንዲወርድ ይፈቀድለታል። ሌሎቹ ዕቃዎች በየፊናቸው ትንሽ ትንሽ ያፈስሳሉ። የታይመሩ ሲጨመርበት ብሬከሩ ያለ ምክንያት የሚወርድ ይመስላል፤ ከዚያ ሰው ተማርሮ አርሲዲውን ራሱን ያስወግደዋል። እዚህ ሲደረስ ቤቱ መከላከያ አልባ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ሰውነትም ልንገርህ። 1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ሲያልፍ ንዝረቱ ይሰማል። ወደ 10 ሲጠጋ እጅ ይጨብጥና የያዘውን መልቀቅ ሊያቅት ይችላል። ጉልበቷን ለሚያማት እናት፣ ወይም መሰላል ላይ ለቆመ ሰው፣ ከዚያ ያነሰውም አስደንግጦ ለመጣል ይበቃል።

ከሌላ መስመር ኒውትራል መበደርም እንዲሁ አይሆንም። አጠገቡ ያለው ሶኬት በሌላ ብሬከር ሥር ከሆነ፣ ከሱ ኒውትራል ስትጎትቱ አንዱን ብሬከር አውርዶ የሚሠራ ሰው ሞተ ያለው ኒውትራል ላይ ከወዲያኛው መስመር የሚመለስ ኤሌክትሪክ ይጠብቀዋል። ሁለቱ መስመሮች የየራሳቸው አርሲዲ ካላቸው ደግሞ መብራቱ በበራ ቁጥር ይወርዳሉ።

ፒንሳ
ጋሼ ያሉት ላይ የምጨምረው የለኝም። ወደ መፍትሔው እንሂድ።

ሳጥኑ ውስጥ ኒውትራል አለመኖሩ የሠራተኛ ጥፋት እንዳይመስልሽ። ብዙ የቆየ ቤት የተዘረጋው እንዲህ ነው፤ ፌዙ መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወዳለው ሳጥን ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ማብሪያው ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፣ ኒውትራሉ ግን መብራቱ ጋ ይቀራል። ተራ ማብሪያ ፌዙን መቁረጥና መቀጠል ብቻ ስለሆነ ሥራው ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። ታይመር ግን ሰዓቱን ለመቁጠርና ውስጡ ያለችውን ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የምትሳብ ትንሽ ማብሪያ) ለመሳብ የራሱ ኃይል ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ስላየሽ ኒውትራል ነው ብለሽ አትደምድሚ፤ በዚህ አዘረጋግ ሰማያዊው ከማብሪያው ወደ መብራቱ የሚመለሰው ፌዝ ሊሆን ይችላል። ቀለም ይጠቁማል እንጂ አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው መለኪያ ነው። ብርሃን በምትሰጠው የካቻቢቴ ቴስተር ብቻ አትተማመኚ፤ ባለ ሁለት ጫፍ መለኪያ ይሻላል። እሱንም መጀመሪያ መብራት እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ ከዚያ ሽቦውን ለኪ፣ ከዚያ ተመልሰሽ ሶኬቱን ለኪ። መሐል ላይ መለኪያው ተበላሽቶ ቢሆን በዚህ ይታወቃል።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የጣሪያውን ሳጥን ነው። ኒውትራሉ እዚያ ካለና ሽቦው የሚያልፍበት ቱቦ ቦታ ካለው፣ አንድ ሰማያዊ ሽቦ ስቦ ማውረድ ብዙ አያስቸግርም፤ የገዛሽውም ታይመር ያገለግላል። ይህን ግን ባለሙያ ይሥራው፤ የጣሪያ ሳጥን ውስጥ የሌላ መስመር ሽቦም ሊኖር ስለሚችል አንድ ብሬከር አወረድኩ ብሎ እጅ መስደድ አይገባም።

ቱቦው ከተዘጋ ደግሞ ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ብሬከሮቹ የሚሰኩበት ሐዲድ ላይ የሚሰካ ታይመር አለ። ፌዙም ኒውትራሉም እዚያው ስላለ ግድግዳ መንካት አያስፈልግም። ግን የደጁና የደረጃው መብራት ለብቻቸው የተለየ ብሬከር ካላቸው ብቻ ነው የሚሆነው፤ ካልሆነ የሳሎኑም መብራት አብሮ በታይመር ይገዛል።

ብልጭታ
ያለ ኒውትራል የሚሠራ ታይመርም አለ እኮ። ቤቴ እሱን ነው የገጠምኩት። ይበራል፣ ይጠፋል፣ ግን ከጠፋ በኋላ ኤልኢዲው ጭል ጭል ይላል። አንዱ አምፖል ደግሞ በየተወሰነ ጊዜ ብልጭ እያለ ሌሊቱን ይቆያል። አምፖል ብቀይርም ያው ነው። ይህ ከምንድን ነው?

ፒንሳ
አምፖሉም ታይመሩም ደህና ናቸው። ያለ ኒውትራል የሚሠራው ታይመር የሚተነፍሰው በመብራቱ በኩል ነው፤ መብራቱ ጠፍቶም ትንሽ ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ውስጥ እያሳለፈ ራሱን ያቆያል። የድሮው ባለ ክር አምፖል ያቺን ትንሽ ነገር ሳይበራ ያሳልፋታል። ኤልኢዲ ግን ውስጡ ያለው ካፓሲተር ያቺን እየሰበሰበ ሲሞላለት አንዴ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይሰበስባል። ያየኸው ይኼ ነው።

ከመብራቱ ጎን፣ በፌዝና በኒውትራሉ መሐል የምትታሰር ለዚሁ የተሠራች ማለፊያ ካፓሲተር አለች፤ ብዙ ጊዜ ከታይመሩ ጋር በአንድ ካርቶን ትመጣለች። ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ በአምፖሉ ፋንታ በሷ ታልፋለች። መታሰር ያለባት መብራቱ ጋ እንጂ ማብሪያው ጋ አይደለም። ከሌላ ዕቃ የተነቀለ ማንኛውንም ካፓሲተር ግን እንዳትጠቀም፤ ለመስመር ቮልቴጅ በቋሚነት የሚቆም ዓይነት መሆን አለበት። እነዚህ ታይመሮች ዝቅተኛ የጭነት መጠንም አላቸው፤ አንዲት 5 ዋት አምፖል ብቻ ካለች ላይታዘዙ ይችላሉ።

ታናሿ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ ያቺን አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ጫፏን ሸፍኜ ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። የ16 አምፔሩ ነገርስ?

ጋሽ ሽቦ
ተባረኪ። 16 አምፔር የሚለው ለምጣድ ዓይነት ጭነት ነው። የኤልኢዲ ጭነት ለብቻው ነው የሚጻፈው፤ መመሪያው ላይ ወይም ጎኑ ላይ ፈልጊው፤ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ብሎ ታገኚዋለሽ።

ምክንያቱ ይህ ነው። 10 ዋት የሆኑ 10 አምፖሎች ተደምረው 100 ዋት ናቸው፤ በ220 ቮልት ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞሉም። ነገር ግን በሚበሩባት ቅጽበት እያንዳንዱ አምፖል ውስጥ ያለው ካፓሲተር ባዶ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ይጎርስና፣ ከሰከንድ አንድ ሺኛ በምታንስ ጊዜ ውስጥ ብዙ አስር አምፔር ሊያልፍ ይችላል። የሪሌዩ ሁለት ጥርሶች ገና ሲነካኩ ይህ ሲመጣባቸው ተጣብቀው ይጋገራሉ። ታይመሩ አጥፋ ይላል፣ ስክሪኑም ጠፍቷል ይላል፣ መብራቱ ግን በርቶ ይቀራል። በኤልኢዲ ላይ የገቡ ታይመሮች ሲበላሹ ብዙ ጊዜ የማገኛቸው በዚህ መልክ ነው።

ለአንቺ ለሦስት ለአራት አምፖል ደህና ታይመር አያሳስብሽም። መብራቱ ብዙ ከሆነ ግን ታይመሩ ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) እንዲያዝ፣ ኮንታክተሩ መብራቱን እንዲይዝ ይደረጋል። ሞገዱ ዜሮ ላይ ሲደርስ ጠብቀው መብራቱን የሚያበሩ ታይመሮችም አሉ፤ ከተገኙ እነሱ ዕድሜ አላቸው።

አሳሳሩን አትናቂው። ሽቦው የሚላጨው መመሪያው ላይ በተሳለው ልክ ይሁን፤ ቢበዛ ራቁቱ ይወጣል፣ ቢያንስ ብሎኑ ላስቲኩን ይነክሳል። ብሎኑን ካጠበቅሽ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ ሳብ አድርገሽ ሞክሪ። የላላ ማሰሪያ ይሞቃል፤ የሞቀ ማሰሪያ ይበልጥ ይላላል። ታይመር ከተራ ማብሪያ ወፍራም ስለሆነ ሳጥኑ ውስጥ ሽቦ ታጭቆ በግድ አይዘጋ፤ ጥልቀቱን አስቀድመሽ ለኪ።

ታናሿ
ባለሙያ መጥቶ አይቶልኛል። የደጁ መብራት ኒውትራል ጣሪያው ሳጥን ውስጥ ተገኘ፤ ቱቦውም ክፍት ነበር፤ አውርዶ ገጠመልኝ። የደጁ ይሠራል። አሁን የቀረው ደረጃው ነው። እሱ ከታችም ከላይም በሁለት ማብሪያ የሚበራ ነው። ባለሙያው አንዱን ማብሪያ በታይመር እንቀይረው ብሏል። እናቴ ግን ሁለቱንም ለምዳቸዋለች። ምን ትላላችሁ?

ፒንሳ
አንዱን ማብሪያ በታይመር መቀየር ይቻላል፤ ሁለት መንገድ ያለው ሪሌይ ያለው ታይመር ያስፈልጋል። ግን ለእናትሽ አልመክረውም። በዚህ አሳሰር መብራቱ መብራት አለመብራቱን የሚወስኑት ታይመሩና የቀረው ማብሪያ አንድ ላይ ናቸው። እማማ ላይኛው ማብሪያ ላይ አንዴ ከነኩት ታይመሩ የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ ማታ ያጠፋል፣ ቀን ያበራል። ሌላ ሰው እስኪመልሰው እንደዚያው ይቀጥላል።

የሚሻለው ታይመሩን በጎን ማሰር ነው። ሁለቱም ማብሪያዎች እንዳሉ ይቆያሉ። ታይመሩ ከዚያው ከደረጃው መስመር ፌዝ ይወስድና መውጫው ወደ መብራቱ ከሚሄደው የመጨረሻ ሽቦ ጋር ይገናኛል። ታይመሩ አብራ ሲል ማብሪያዎቹ የትም ይሁኑ መብራቱ ይበራል። ታይመሩ ሲያርፍ ደግሞ ማብሪያዎቹ እንደ ቀድሞው ያበራሉ፣ ያጠፋሉ። ቀን ደረጃው ቢጨልምባቸውም በማብሪያ ያበራሉ።

ሁለት ነገር ግን ይጠበቅ። ፌዙ የግድ ከዚያው ብሬከር ይሁን፤ ከሌላ ብሬከር ከሆነ ሁለት ፌዝ በማብሪያው በኩል ሊገናኝ ይችላል፣ ቤቱ ባለ ሦስት ፌዝ ከሆነ ደግሞ ፍንዳታ ነው። ሁለተኛ፣ ታይመሩ በርቶ ሳለ በማብሪያ ማጥፋት አይቻልም። ለደረጃ ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም፤ ማታ አንድ እንግዳ ማብሪያውን ቢነካው እንኳ እናትሽ በብርሃን ይወርዳሉ።

ታናሿ
ይኼማ ለእሷ የተሠራ ነው። ለባለሙያው አሳየዋለሁ። እስከዚያው የደጁን ታይመር ሰዓት ስሞላ አንድ ነገር አልገባኝም። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እንዲበራ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል እንዲጠፋ ለዓርብ ብቻ ልሞክር ብዬ ሞላሁት። ዓርብ ማታ በሰዓቱ በራ፤ ከዚያ ሌሊቱንም ቀኑንም ሳይጠፋ ቀረ። ሪሌዩ ተጋግሮ ይሆን?

ሰዓት አክባሪ
ሪሌዩ ምንም አልሆነም፤ ቀኑ ነው። ታይመሩ የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው። ስለዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ለሱ 18:30 ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል ደግሞ 00:30። እኛ ያንን ሰዓት የዓርብ ሌሊት እንለዋለን፤ መሣሪያው ግን ቅዳሜ ገብቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ለዓርብ ብቻ ስትሞዪው የዓርብ 00:30 ማጥፊያ የወደቀው ከማብሪያው በፊት ባለው ሌሊት ላይ ነው። ከበራ በኋላ አጥፋ የሚለው የለም፤ እስከሚቀጥለው ዓርብ ይጠብቃል።

ማጥፊያውን ለቅዳሜ ሙዪው። በየቀኑ የምታበሪ ከሆነ ግን ሁለቱንም ሰባቱ ቀን ላይ ብታደርጊው ችግሩ አይታይም፤ የነገው 00:30 የዛሬውን ያጠፋል። ማብሪያና ማጥፊያ ለየብቻ ቀን የማይቀበል ታይመር ከሆነ ፕሮግራሙን በሁለት ክፈይው፤ አንዱ 18:30 በርቶ 23:59 የሚጠፋ፣ ሁለተኛው በማግሥቱ 00:00 በርቶ 00:30 የሚጠፋ።

ሰዓቱን ከመሙላትሽ በፊት ውስጡ ያለው ባትሪ መሞላቱን አረጋግጪ። አዲስ ታይመር መጋዘን ቆይቶ ስለሚመጣ ባትሪው ባዶ ሊሆን ይችላል፤ መመሪያው የሚለውን ያህል ሰዓት መስመር ላይ ይቆይ። ያለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። በሜካኒካል ሞተር የሚዞረው፣ ዙሪያውን በየ15 ደቂቃው 96 ጥርስ ያለው ዓይነት አብዛኛው ባትሪ የለውም፤ መብራት ለሁለት ሰዓት ከጠፋ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ለእናትሽ ዲጂታሉን መምረጥሽ ጥሩ ነው።

ብልጭታ
ፀሐይ መግባቷን ራሱ የሚያሰላ ታይመር አለ የሚሉት ለቤት ያስፈልጋል? የመብራት ቆጣሪውስ ላይ ለውጥ አለው?

ሰዓት አክባሪ
እንደምትኖርበት ቦታ ነው። የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር አስገብተህለት በየቀኑ የፀሐይ መውጫና መግቢያ ያሰላል። ከምድር ወገብ አጠገብ ከሆንክ የፀሐይ መግቢያ በዓመት ውስጥ የሚንሸራተተው ግማሽ ሰዓት ያህል ስለሆነ ተራውም ይበቃል። በ60ኛው ዲግሪ ኬክሮስ ግን ቀኑ አንዴ ወደ 6 ሰዓት አጥሮ ሌላ ጊዜ ከ18 ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ እዚያ ያለሱ በየሳምንቱ ማስተካከል ነው።

ስለ ቆጣሪው እውነቱን እንነጋገር። አንዲት 9 ዋት ኤልኢዲ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ብትበራ በዓመት 39 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች፤ በታይመር ወደ 5 ሰዓት ብትወርድ 16 አካባቢ ይሆናል። ታይመሩ ራሱ 1 ዋት ሌት ተቀን ከወሰደ በዓመት ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የምታተርፈው 14 ያህል ብቻ ነው። ባለ ክር አምፖል ወይም ትልቅ የግቢ መብራት ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ለአንዲት ኤልኢዲ ግን ታይመር የሚገዛው ሳይረሳ እንዲያበራ ነው።

ቤት ለቀው ለሚሄዱ ሰዎች ደግሞ ሰዓቱን በየቀኑ ትንሽ የሚያዛባ ምርጫ አለ። ሰው ያለበት ቤት በየምሽቱ በአንድ ደቂቃ አይበራም፤ ውጭ ሆኖ የሚከታተል ሰው ይህን ያስተውላል። ታናሿ፣ እናትሽ ግን ቤት ስላሉ ይህን ምርጫ አታብሪው፤ ደረጃው የሚበራበት ሰዓት የሚታወቅ ይሁን።

ታናሿ
ማጥፊያውን ቅዳሜ ላይ ሳደርገው ተስተካከለ። አሁን ሰባቱንም ቀን ሞልቼዋለሁ፤ ማጥፊያውንም ለእናቴ ወደ ንጋት 12 ሰዓት፣ ማለትም 06:00 ወስጄዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሞልቼ ስጨርስ ሰዓቱ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሆኖ ነበር። መብራቱ መብራት የሚገባው ሰዓት ሆኖ ሳለ ኦቶ (በፕሮግራሙ የሚሠራበት) ላይ ባደርገውም አይበራም። ነገ ራሱ ይስተካከላል ወይስ የሆነ ነገር ቀርቶኛል?

ሰዓት አክባሪ
ነገ 18:30 ላይ ራሱ ይበራል። ብዙዎቹ ታይመሮች ወደ ኋላ ተመልሰው አሁን መብራት ነበረበት ወይ ብለው አያዩም፤ የሚቀጥለውን ትእዛዝ ብቻ ነው የሚጠብቁት። ዛሬ ማታም እንዲበራ ከፈለግሽ ቁልፉን መጀመሪያ ኦን ላይ አድርጊው፤ መብራቱ ሲበራ ከዚያ ወደ ኦቶ መልሺው። እንደበራ ይቆይና 06:00 ላይ በፕሮግራሙ ያጠፋል። ኦን ላይ ትተሽው ከሄድሽ ግን ፕሮግራሙን አይሰማም፤ ስክሪኑ ጥግ ላይ ኦቶ የሚለው ጽሑፍ መኖሩን አይተሽ ውጪ። ረዘም ላለ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ያንኑ ጽሑፍ እናትሽ በስልክ እንዲያነቡልሽ አስለምጃቸው።